የሰሚያን እጅ ተዉት

ሮቤ ላይ ታሞ የተጠየቀ ሰው ያውቀዋል። ጠያቂ ባዶ እጁን አይመጣም፤ መጥቶም እጁን ሰብስቦ አይቀመጥም። ያበጠ ካየ ይጫናል፣ የታሰረ ካየ ይፈታል፣ የተሸፈነ ካየ ይገልጣል። ምንም ሳይነካ የወጣ ሰው «ምን ሊያይ መጥቶ ነው?» ተብሎ ይታማል። ደግነት ነው፤ አይደለም የሚል የለም። ግን ደግነትም ሰው ይጎዳል። ይህን የማያምን ካለ ሰሚያን ይጠይቃት፤ ሲጠይቃት ግን እጇን አይንካ።

ሰሚያ ልብስ ሰፊ ናት። ከስልጤ አገር መጥቶ ሮቤ የከረመው ነጋዴ ሳላሕዲን ጨርቅና ክር ይሸጣል፤ እሷ ደግሞ ከሱቁ በረንዳ ላይ በእግር የምትረገጠዋን ጥቁር የስፌት መኪናዋን ዘርግታ ትውላለች። ቁጡ ናት። ወገቡ ሰፋ ያለ ሰው ስትለካ «እህል ረከሰ መሰለኝ» ትላለች፤ ሰውየው ይስቃል እንጂ አይቀየማትም። ስፌቷ ስለማይታማ ምላሷን ሁሉም ይችሉላታል።

የተወለደችው ሲናና ነው። ያገባችው የእህል መኪና ሹፌር ነበር፤ የሃረና ቁልቁለት ላይ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። ሐዘኗ ሳይወጣ አጎቷ ኦቦ ጉቱ ሽማግሌ አስከትለው መጡ። በወጉ መሠረት የሟች ወንድም ይውረሳት ነው ነገሩ። ሰሚያ ያኔ ገና ወጣት ነበረች፤ ሽማግሌዎቹ ፊት ቀና ብላ፣ «እኔ በሬ ነኝ እንዴ የምወረሰው?» አለች። ኦቦ ጉቱ ለምርቃት የዘረጉትን እጅ ሰበሰቡ። እሷ ባሏ የተወላትን ላም ሸጣ የስፌት መኪና ገዛችና ሮቤ ገባች። አጎቷ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ቆይተው ታረቋትና፣ «እሺ፣ እጅሽ እስከሠራ ድረስ ኑሪበት። እጅሽ የደከመ ዕለት ግን ቤትሽ እኛ ጋ ነው» አሏት። ሌላ ሰው ቢሰማው ምርቃት ነው። ሰሚያ ግን የሰማችው ቀጠሮ ነበር። እጇ የቆመ ዕለት ያ ውርስ እንደገና በሯን እንደሚያንኳኳ አሳምራ ታውቀዋለች።

በ2003 ዓ.ም. ጥቅምት መግቢያ ላይ፣ አረፋ እየተቃረበ፣ የሰፈሩ ልጃገረዶች የበዓል ቀሚስ ከጎኗ ተቆልሎ ሳለ፣ የመኪናዋ መርፌ የቀኝ እጇን አመልካች ጣት አንጓው ላይ ወጋት። መርፌው ተሰብሮ ውስጥ ቀረ። በጥርሷ ነክሳ አወጣችው፣ በቁራጭ ጨርቅ አሰረችው፣ ስፌቷንም ቀጠለች። ሰንበት ብሎ ጣቷ መግል ያዘ፤ ትኩሳትም ጣላት። ጤና ጣቢያ ሄደች፤ ቀደው አፈሰሱላት፣ አንቲባዮቲክ ሰጧት። ትኩሳቱ ለቀቃት፣ መግሉም ደረቀ። እብጠቱ ግን ወይ ፍንክች። የእጇ ጀርባ እንደ ዳቦ ተነፍቶ ቀረ፤ ጣቷ አልታጠፍ አለ፤ መቀስ መያዝ አቃታት።

ከዚያ ጠያቂው መጣ።

እንግዲህ ባሌ ውስጥ ሰላምታ እጅ መሳሳም ነው። አንዱ የሌላውን ቀኝ እጅ ይዞ ወደ ከንፈሩ ያነሣል፣ ያኛውም እንደዚያው ያደርጋል፤ በመካከሉ «ነጋ? ፈያ?»፣ ሰላም ነው? ጤና ነው? እየተባባሉ እጅ ለእጅ መጨባበጡ ይረዝማል። ግራ እጅ መስጠት ነውር ነው። ስለዚህ የሰሚያን እጅ ሊጠይቅ የመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ያንኑ የታመመውን እጅ ጨብጦ፣ አንሥቶ፣ ስሞ፣ «አብሽሪ» ብሎ ነበር የሚቀመጠው። ሲቀመጥ ደግሞ «እስቲ ልየው» ይላል። አንዷ የሞቀ ጨው በጨርቅ ቋጥራ ታስርላታለች፤ ሌላዋ ነጭ ሽንኩርት ወቅጣ ትለጥፍባታለች፤ ከሁሉ በላይ ግን አዴ ሎሚ ያሹታል።

አዴ ሎሚ ከብድሬ የሚመጣ ቅቤ የሚቸረችሩ ጎረቤት ናቸው፣ የሴቶቹም እድር ሰብሳቢ። ሰሚያ ሮቤ የገባች ሰሞን ያስጠጓት፣ ያበሏት፣ «ይህቺ ልጄ ናት» ብለው ከሰፈሩ ጋር ያስተዋወቋት እሳቸው ናቸው። አውራ ጣታቸው እንደ ወፍራም ችካል ነው። ያን አውራ ጣት እብጠቱ ላይ ሰክተው ወደ ክንዷ ሲገፉት ሰሚያ ዓይኗ ይጨልማል።

«አመመኝ እኮ አዴ!»

«ማመሙማ ጥሩ ነው፤ እየወጣ ነው» ይላሉ፤ ይገፋሉ።

ማታ እብጠቱ ይብሳል። ጠዋት ትንሽ ሰከን ይላል። ረፋድ ላይ ጠያቂ ይመጣል። እንዲህ እንዲህ እያለ ጥቅምት ተጋመሰ፤ የልጃገረዶቹ ጨርቅ እንደተቆለለ ቀረ። ሰሚያም ልቧ መቃጠል ጀመረ። እጇን የነካው ሕዝብ ብዛቱ! ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ውስጥ ግን አንድ ጀሪካን ውሃ የቀዳላት፣ አንድ የቀሚስ ጠርዝ ላጥፍልሽ ያለ፣ ቤቷን ጠረግ ያደረገላት አልነበረም። አዛኝ ቅቤ አንጓች ሁላ! እያለች በልቧ ትራገማለች፤ በአፏ ግን «አላህ ይስጥልኝ» ትላለች። ሰው ሊጠይቅ መጥቶ ምን ይባላል?

የኦቦ ጉቱ መልእክት ከሲናና ሲደርስ ነው የባሰባት። «እጅሽ እምቢ ማለቱን ሰማን። ለአረፋ ጋሪ ይዤ መጥቼ ዕቃሽን እጭናለሁ» ይላል። በማግሥቱ ጎባ፣ ሐኪም ዘንድ ልትሄድ ተነሣች። ሐኪም ቤት ብቻውን የሚሄድ የለምና አዴ ሎሚም ነጠላቸውን አጣፍተው ተከተሏት።

ዶክተር ዲማ የሚባለው ሐኪም ረጋ ያለ ሰው ነው። እጇን ከመንካቱ በፊት «ልንካው?» ብሎ ጠየቃት። ሰሚያ እንባዋ መጣ፤ ከታመመች ጀምሮ እንዲህ ብሎ የጠየቃት የመጀመሪያው ሰው ነበር። አየው፣ ራጅ አስነሣት፣ ደም አስመረመራት።

«ጀርሙ ሞቷል» አላት። «አጥንትሽም ደኅና ነው። አሁን የቀረው ብግነቱ ነው።»

«ጀርሙ ከሞተ ታዲያ ምን ይሁን ብሎ ያብጣል?» አለች ሰሚያ፤ በእጇ ላይ እንደመናደድ ብላ።

«ጦሩ ስላልተበተነ ነዋ። መርፌው የወጋሽ ጊዜ ሰውነትሽ ነጭ የደም ሴሎቹን ጠርቶ ላከ። ቀዩ፣ ሙቀቱ፣ እብጠቱ የነሱ ሥራ ነው። ድሮ እኛም ስንማር፣ ጠላት ሲያልቅ ይህ ጦር ደክሞት በራሱ ይበተናል ይሉን ነበር። አሁን አሁን የሚጠናው ግን ሌላ ነው። ብግነት ደክሞት አይቆምም። ‹በቃ› የሚሉት አሉ።»

«እነማን?»

«በአገራችን ጠብ ሲነሣ ማን ነው የሚያበርደው?»

«ጃርሳ» አሉ አዴ ሎሚ ከኋላ ሆነው፤ ሽማግሌ ማለታቸው ነው።

«ኤያ፣ ጃርሳ። ሰውነትም የራሱ ሽማግሌዎች አሉት። ሪዞልቪን፣ ሊፖክሲን ይሏቸዋል፤ ስማቸውን ተዉት። ከስብ ነው የሚሠሩት።»

አዴ ሎሚ «ከስብ!» ብለው ብድግ አሉ። ዕድሜ ልካቸውን የሚያውቁትን ነገር የተማረ ሰው ሲመሰክርላቸው ፊታቸው በራ። «ከስብ አለሽ፣ ሰማሽ? እኔ ወጥቼ ሚኒባስ ልያዝ» ብለው ወጡ።

ዶክተሩ የቀረውን ለሰሚያ ብቻ ነገራት። ሰውነት እነዚህን ነገሮች የሚሠራው ከምግብ ከሚያገኘው የስብ ዓይነት ነው፤ የዓሣ ዘይት አለ፣ ተልባም ጥሬ ዕቃውን በመጠኑ ይሰጣል። ሠርቶ የሚያወጣው ግን ከምንም የማይቆጠር ጥቂት ነው፤ እዚያው በቆሰለው ቦታ፣ በሚፈለግበት ሰዓት። ያው ጥቂቱ ለአዲሱ ጦር «አትምጣ» ይላል፤ የሞተውንና ፍርስራሹን የሚበሉ ሴሎችን ደግሞ «ኑና ጥረጉ» ይላል። ከላይ በመቀባት አይገኝም።

«የሚገርምሽ» አላት፣ «‹በቃ› የሚለውን ከሚሠሩት ውስጥ ብዙዎቹ፣ መጀመሪያ ጦር ሆነው ለጠብ የሄዱት እነዚያው ሴሎች ናቸው። እዚያው ቆመው ሥራቸውን ይለውጣሉ። ይህ ነገር ገና እየተጠና ነው፤ ሁሉንም እናውቃለን አልልሽም። አንድ ነገር ግን እነግርሻለሁ። ሽማግሌ ተቀምጦ ነገሩን ሊጨርስ ሲል በየቀኑ ዱላ የሚያነሣ ሰው ከመጣ፣ ዕርቁ መቼ ያልቃል? እጅሽን ማን ነው የሚነካካው?»

ሰሚያ ማንን ጠርታ ማንን ትተው? ዶክተሩ ጣቷን በጣውላ ደግፎ አሰረላት፣ ክንዷን አንገቷ ላይ አንጠለጠለላት፣ እብጠቱ ሲቀንስ ራሷ ቀስ እያለች እንድታንቀሳቅሰው አሳያት። «እስከዚያ ማንም እንዳይነካው» አላት።

በማግሥቱ የሰፈሩ ቅቤ ሁሉ ሰሚያ ቤት ገባ። አዴ ሎሚ ወሬውን ሌሊቱን ያዳረሱት ይመስል፣ ጎህ ሲቀድ አንዷ ለጋ ቅቤ፣ አንዷ የበግ ላት፣ አንዷ የተልባ ዘይት ይዛ ደረሰች። «ዶክተሩ ራሱ ነው ያለው፣ ሽማግሌው ከስብ ነው የሚሠራው» እየተባለ ጣውላው ተፈታ። ሰሚያ «እሱ እንዲህ አላለም! የሚቀባ አይደለም አለ!» ብትልም ማን ሰምቷት። የታመመ ሰው ስለራሱ ሕመም ምን ያውቃል? ቅቤው ተቀባ፤ ቅቤ ከተቀባ ደግሞ መታሸቱ አይቀርም። አዴ ሎሚ ችካል አውራ ጣታቸውን አስቀመጡ።

ሳላሕዲን አዝኖላት፣ «ምናለ ትንሽ ቢተዉአት አዴ» ቢላቸው፣ «አንተ ጨርቅህን ሽጥ» ተባለ።

በዚያው ሰሞን ኦቦ ጉቱ ራሳቸው ከተፍ አሉ። እጇን አዩትና ራሳቸውን ነቀነቁ። በሳቸው ቤት የአህያም ሆነ የበሬ እግር ሲያብጥ የሚድነው በአንድ ነገር ነው፤ በእሳት። ብሂሉም «እሳት ካየው ምን ለየው» ይላል፤ እሳቸው ግን እሳት ያላየውን ነገር ነው የማያምኑት። የሰሚያን የከሰል ካውያ ከፍተው፣ ፍሙ ውስጥ የማጭድ ጫፍ ሰክተው አስቀመጡ። ከሁለት ሦስት ቦታ ቢነኩት እብጠቱ ውሃ ሆኖ ይወጣል አሉ። አዴ ሎሚ ክንዷን ሊይዙላቸው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። የገዛ ካውያዋ! ልብስ ተኩሳ እንጀራዋን የምታገኝበት ካውያ!

ሰሚያ ያን ጊዜ ተነሣች። ያ ሁሉ «አላህ ይስጥልኝ» ያፈነው ነገር አንድ ላይ ወጣ።

«ዲሲ!» ብላ ጮኸች፣ ተዉኝ ስትል። «ጀርሙ ሞቷል! አሁን እየገደላችሁኝ ያላችሁት እናንተ ናችሁ! ከታመምኩ ጀምሮ አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ሳትነኩኝ ውላችኋል? ሰውነቴ ሊያስታርቅ ሽማግሌ አስቀምጧል፤ እናንተ በየጠዋቱ ዱላ ይዛችሁ ትመጣላችሁ! አጎቴ፣ እርስዎ ሽማግሌ ነዎት፤ በተቀመጡበት ዱላ የሚያነሣን ሰው ምን ይሉታል? እሱ እርስዎ ነዎት! አዴ፣ እርስዎም ነዎት! ውጡልኝ!»

አዴ ሎሚ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው ወጡ። ኦቦ ጉቱ ማጭዳቸውን ከፍሙ መዘው፣ «እንግዲህ ለአረፋ ነው» ብቻ አሉ። ሰሚያ በሯን ከውስጥ ቀረቀረችው።

ሮቤ ላይ ለጠያቂ በር የዘጋ ሰው እንደሞተ ይቆጠራል። ሴቶቹ በውጭ ሲያልፉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «እሷ ስትሞትም ትዝጋው» ይሉ ነበር። ሰሚያ ከውስጥ ሆና ትሰማለች፤ ትንገበገባለች። ብቸኝነቱ አላሰፈራትም አይባልም። እድር የጣላት ሴት፣ ባል የሌላት ሴት፣ እጅ የሌላት ሴት፤ እዚህ ከተማ ምን ቀራት? ሳላሕዲን በመስኮት ዳቦና ተልባ ያቀብላት ነበር፤ ተልባውን በጥብጣ ትጠጣለች፤ መድኃኒት ነው ብላ ሳይሆን ስለሚጣፍጣት።

በጣም የገረማት የራሷ ነገር ነው። ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ በየደቂቃው ያ እብጠት ቀንሶ እንደሆነ የሚነካው የራሷ ግራ እጅ ሆኖ አገኘችው። ሳታስበው ሄዶ ጫን ያደርገዋል። «አንተም?» ብላ ተቆጣችው። ከዚያ ወዲያ ቁጭ ስትል ግራ እጇን ከጭኗ ሥር እያስገባች ትቀመጥበት ጀመር።

አንድ ጠዋት ፊቷን ልትታጠብ ስትነሣ፣ የአመልካች ጣቷ አንጓ ላይ ቀጫጭን መስመሮች አየች። ያ ተነፍቶ የሚያብለጨልጨው ቆዳ ተሸብሽቧል። ወደ መስኮቱ ወስዳ በብርሃን አየችው፤ እውነት ነው፣ የራሷ እጅ መስመሮች ናቸው። ጣቷን ቀስ ብላ አጠፈችው፤ ትንሽ ታጠፈ። ማንም አላሸውም፣ ማንም አልተኮሰውም። ውስጥ ያሉት ተቀምጠው ጨርሰውታል። ሰሚያ አለቀሰች፤ ደስታም ነበር፣ ንዴትም ነበር። ይኸው ነበር እኮ! የፈለገው መተው ብቻ ነበር!

ያን ዕለት በሯን ስትከፍት ደፉ ላይ ውሃ የሞላ ጀሪካን ቆሟል። ማን እንዳመጣው አልታወቀም። በማግሥቱም አለ። በሌላው ቀን ማለዳ ጠብቃ ብትከፍት አዴ ሎሚ ናቸው፤ ጀሪካኑን አስቀምጠው ሊሄዱ ዞረዋል።

«አዴ!»

አዴ ሎሚ ዞሩ። ሁለቱንም እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገዋል፤ በነጠላው ሥር አንዱን በአንዱ ይዘውታል።

«አልነካሽም» አሉ። «ውሃ ላስቀምጥ ነው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እኔ አንቺን ልጎዳ ነው ቤትሽ ስመላለስ የከረምኩት?»

«አይደለም» አለች ሰሚያ። «ግን ጎዱኝ።»

«ታዲያ ያኔውኑ አትነግሪኝም ነበር?»

«ነገርኩዎት። በየቀኑ ነው አመመኝ ያልኩዎት። የተሰማሁት በር ስዘጋ ነው።»

ሰሚያ ቀኝ እጇን ዘረጋችላቸው። ሴትዮዋ ፈሩ፤ ብዙ ካመነቱ በኋላ አንድ እጃቸውን ከኋላ አውጥተው የሰሚያን እጅ እንደ እንቁላል ያዙት፣ ከፍ አድርገው ሳሙት። ከዚያ ያ አውራ ጣት፣ ማንም ሳያዘው፣ ወደ አንጓዋ ሄዶ ሊጫን ሲል ሁለቱም አዩት። አዴ ሎሚ ቆጣ ብለው ለገዛ ጣታቸው፣ «ገኤራ! በቃህ!» አሉትና እጃቸውን መልሰው ወደ ኋላ ወሰዱት።

አረፋ ዋዜማ ላይ ሰሚያ በረንዳዋ ላይ ነበረች። ስፌቷ እንደ ድሮው አልፈጠነም፤ ከቀሚሶቹ ገሚሱ ወደ ሌላ ሰፊ ሄዷል፤ ጣቷም ብርድ ሲመታው ይደነዝዛል። ግን መኪናዋ ይዞራል። አዴ ሎሚ ቅቤያቸውን አጠገቧ ዘርግተው ይሸጣሉ፤ «ሰሚያ ተሻለሽ?» ብሎ እጁን የሚዘረጋ ሁሉ የሚያገኘው መጀመሪያ እሳቸውን ነው።

ረፋዱ ላይ የኦቦ ጉቱ ጋሪ መጥታ ቆመች። ዕቃ ማሰሪያ ገመዱ ሳይቀር ተጭኖባታል። ሽማግሌው ወርደው ወደ በረንዳው መጡ፤ ሰሚያን አዩ፣ መኪናዋን አዩ፣ እጃቸውን ወደ እጇ ዘረጉ።

«እስቲ ልየው» አሉ።

አዴ ሎሚ ብድግ ብለው መካከላቸው ቆሙ። «በዓይንዎ ይዩት!» አሉ።

ሰሚያ ለአንዲት ልጅ ቀሚስ የሚሆነውን ጨርቅ ዘረጋች፣ መቀሷን በቀኝ እጇ አነሣች፣ ከዳር እስከ ዳር ቀደደችው። ኦቦ ጉቱ የዘረጉትን እጅ ጋቢያቸው ውስጥ መልሰው፣ ጨርቁ ተቆርጦ እስኪያልቅ ቆመው አዩ። ከዚያ ገመዳቸውን ጠቅልለው ባዶ ጋሪያቸውን ወደ ሲናና መለሱ።